ዲፓርትመንት የሚያዘው በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው

የዩኒቨርሲቲ ምደባ ወሬ ሲመጣ ከደጀን እስከ ዳንግላ ጥያቄው አንድ ነው፦ «የት ደረሰው?» ባሕር ዳር ከሆነ እልል ይባላል። ደብረ ማርቆስ ከሆነ «ቅርብ ነው፣ በሶውም ይደርሰዋል» ይባላል። እንጅባራ ከሆነ ደግሞ «ጋቢ ደርባችሁ ስጡት» የምትል አክስት አትጠፋም። ከዚያ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፦ «ምን ሊያጠና ነው ታዲያ?» ልጁም «ገና ነው፣ ፍሬሽ ነኝ» ብሎ ያልፋል።

ብዙ ልጅ የሚሸወደው እዚህች «ገና ነው» ላይ ነው። ዲፓርትመንት ዓመቱ ሲያልቅ የሚመረጥ ይመስላል። ፎርሙ የሚሞላው በርግጥም ያኔ ነው። ነገር ግን ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ምርጫ ብቻ ነው። ምርጫው ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ውጤት የሚሠራው ቀደም ብሎ፣ ልጁ የካፌውን ሰልፍ እንኳ በቅጡ ሳይለምድ ነው።

መጀመሪያ የፍሬሽ ዓመት ምን እንደሆነ እንይ። አሁን ያለው አሠራር የተጀመረው በ2012 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ተማሪው ከ12ኛ ክፍል መጥቶ በቶሎ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይገባ ነበር፤ ብዙው ዲግሪም በሦስት ዓመት ያልቅ ነበር። ከ2012 ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ሆነ፤ ትንሹ የዲግሪ ቆይታም አራት ዓመት ሆነ። ኢንጂነሪንግና ሕግ አምስት ዓመት ይፈጃሉ፤ ሕክምና ከዚያም ይረዝማል። በዚህ የጋራ ዓመት እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ ማትስ፣ አንትሮፖሎጂ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የመሳሰሉት ይሰጣሉ። ናቹራል የመጣ ልጅ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨመሩለታል። የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ ከግቢ ግቢ ትንሽ ይለያያል።

ወደዚህ ዓመት የሚያስገባው በር ጠባብ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በአብዛኛው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። በዚያ ዓመት ያለፈው ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበር። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ አለ። በ2014 እና በ2015 አንድ ተማሪ እንኳ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በአገር ደረጃ ከሺህ በላይ ነበሩ። ስለዚህ ከቢቸና ወይም ከደምበጫ ጥሩ ውጤት ይዞ የሄደው ልጅ፣ ሁሉም ከየሰፈሩ አንደኛ የነበረበት ክፍል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ሰቃይ የተባለው ልጅ እዚያ ሲደርስ መካከለኛ ተማሪ ሊሆን ይችላል። ይህን አስቀድሞ የነገረው ሰው ከሌለ የመጀመሪያው ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ውጤት ሲለጠፍ ዱብ ዕዳ ይሆንበታል።

50 ያልሞላላቸው ግን ቀረብ ያሉት በሬሜዲያል ይገባሉ። ሬሜዲያል የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ግቢው ያው፣ ዶርሙ ያው፣ ካፌውም ያው ቢሆንም የሬሜዲያል ተማሪ ገና ፍሬሽ አይደለም። ጥቂት ወራት ተምሮ ይፈተናል። ፕሮግራሙ ሲጀመር 70 ከመቶው ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና፣ 30 ከመቶው ዩኒቨርሲቲው ከሚሰጠው ምዘና ነበር፤ ማለፊያውም 50 ነው። ካለፈ ፍሬሽ ይሆናል፣ ካላለፈ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሰፈር «ዩኒቨርሲቲ ገባ» ተብሎ የተደገሰለት ልጅ ከወራት በኋላ ሻንጣውን ይዞ ሲመለስ ቤተሰቡ «ምን አጥፍቶ ነው?» እያለ ይጨነቃል። ምንም ያጠፋው ነገር የለም። መጀመሪያውንም ገና ለመግባት እየተፈተነ ነበር። ድግሱን ለፍሬሽ ማቆየት ይሻላል።

ምደባውም አንድ ነገር ይወስናል። የትኛው ግቢ እንደደረሰህ ምን ምን መምረጥ እንደምትችል ይገድባል። ባሕር ዳር ከቀድሞው ፖሊ ቴክኒክና ከፔዳጎጂ አካዳሚ ውሕደት በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነ አንጋፋ ተቋም ነው። ተማሪው ዛሬም «ፔዳ» እና «ፖሊ» እያለ ይጠራቸዋል። ይባብ፣ ዘንዘልማና ጥበበ ግዮን ሌሎቹ ግቢዎች ናቸው። ኢንጂነሪንጉ፣ ቴክስታይሉ፣ ማሪታይሙ፣ ሕክምናው፣ ግብርናው ሁሉ እዚያ አለ። ደብረ ማርቆስ ማስተማር የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ከዋናው ግቢ ሌላ ቡሬ ላይም ግቢ አለው። እንጅባራ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. ተማሪ የተቀበለ ከሦስቱም ታናሽ ነው። አንድ የትምህርት ክፍል በደረሰህ ግቢ ውስጥ ከሌለ አራት ነጥብ ብታመጣም አታገኘውም። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲሞላ ብዙ ሰው የሚያየው ርቀቱንና ስሙን ነው። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን ግቢው የሚሰጣቸው ዲፓርትመንቶች ዝርዝር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ።

ጂፒኤ እንዴት ይሠራል?

መጀመሪያ ነጥቡ ወደ ፊደል ይቀየራል፣ ፊደሉ ደግሞ መልሶ ወደ ቁጥር ይቀየራል። አብዛኞቹ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠሩበት መለኪያ እንዲህ ነው፦

90 እና ከዚያ በላይ ኤ ፕላስ፣ ከ85 እስከ 89 ኤ። ሁለቱም 4.0 ናቸው።
ከ80 እስከ 84 ኤ ማይነስ፣ 3.75
ከ75 እስከ 79 ቢ ፕላስ፣ 3.5
ከ70 እስከ 74 ቢ፣ 3.0
ከ65 እስከ 69 ቢ ማይነስ፣ 2.75
ከ60 እስከ 64 ሲ ፕላስ፣ 2.5
ከ50 እስከ 59 ሲ፣ 2.0
ከ45 እስከ 49 ሲ ማይነስ፣ 1.75
ከ40 እስከ 44 ዲ፣ 1.0
ከ40 በታች ዜሮ።

ይህን ዝርዝር ዝም ብሎ ማንበብ ቀላል ነው። የሚጠቅመው ግን ክፍተቶቹን ማየት ነው። 50 ያመጣና 59 ያመጣ ልጅ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም 2.0 ይይዛሉ። 59 እና 60 ግን በአንድ ማርክ ተለያይተው በግማሽ ነጥብ ይራራቃሉ። 74 እና 75ም እንደዚያው። ከሁሉም የባሰው ገደል ታች ያለው ነው፦ 45 ያመጣው 1.75 ሲይዝ 44 ያመጣው 1.0 ይይዛል። ከ40 ወደ 39 የወረደው ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ 58 ላይ ያለ ተማሪ የሁለት ማርክ አሳይመንት ሳያስገባ ሲቀር ያጣው ሁለት ማርክ ብቻ አይደለም።

ቀጥሎ ክሬዲት አወር የሚባለው አለ። ይህ የኮርሱ ክብደት ነው። ብዙው የፍሬሽ ኮርስ 3 ክሬዲት ነው፤ እንደ አንትሮፖሎጂ ያሉት 2 ናቸው። ጂፒኤ ማለት የግሬዶቹ ተራ አማካይ አይደለም። የእያንዳንዱ ኮርስ ግሬድ በክሬዲቱ ተባዝቶ፣ ሁሉም ተደምሮ፣ ለጠቅላላው ክሬዲት ሲካፈል የሚመጣው ነው። ለወላጅ በገበያ ቋንቋ እንዲህ ሊነገር ይችላል፦ ክሬዲቱ ስንት ቁና እንደሸጥክ ነው፣ ግሬዱ የአንዱ ቁና ዋጋ ነው። በውድ ዋጋ ሁለት ቁና ብትሸጥም፣ ሦስቱን ቁና በርካሽ ካወጣኸው ኪስህ ላይ ይታወቅሃል።

አንዲት ተማሪ እናስብ። ደብረ ማርቆስ ደርሷት ሶሻል የምትማር ናት እንበል። በመጀመሪያው ሴሚስተር እንግሊዝኛ ቢ፣ ሎጂክ ሲ ፕላስ፣ ጂኦግራፊ ኤ ማይነስ፣ ማትስ ሲ፣ ሳይኮሎጂ ቢ ፕላስ አመጣች። እነዚህ ባለ 3 ክሬዲት ናቸው። ባለ 2 ክሬዲቱን አንትሮፖሎጂ ደግሞ ኤ አገኘች። ስናባዛው እንግሊዝኛ 9፣ ሎጂክ 7.5፣ ጂኦግራፊ 11.25፣ ማትስ 6፣ ሳይኮሎጂ 10.5፣ አንትሮፖሎጂ 8 ይሆናል። ድምሩ 52.25 ነው። ለ17 ክሬዲት ሲካፈል 3.07 ይመጣል።

አሁን ያንኑ ፊደል እናገላብጠው። ማትስ ላይ ኤ፣ አንትሮፖሎጂ ላይ ሲ አምጥታ ቢሆን ኖሮ ፊደሎቿ ያው ናቸው፤ አንድም አልጨመረችም፣ አንድም አልቀነሰችም። ጂፒኤዋ ግን 3.19 ይሆናል። ተፈላጊ ዲፓርትመንት ላይ ወረፋው በነጥብ ቤት ስለሆነ በ3.07 እና በ3.19 መካከል ብዙ ሰው ይቆማል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ናቹራል የገቡ ልጆች «ዋና ትምህርት» እና «ማሟያ» የሚል ክፍፍል በጭንቅላታቸው ይዘው ይመጣሉ። ፊዚክስ ዋና ነው፣ ሎጂክና ሳይኮሎጂ ወሬ ነው ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ ፊዚክስ ሲቸክሉ አድረው ለሎጂክ ግን በፈተናው ዋዜማ ማታ ሃንድአውት ይገልጣሉ። ሬጅስትራር፣ ማለትም የተማሪውን ውጤት የሚመዘግበው ቢሮ፣ ይህን ክፍፍል አያውቀውም። 3 ክሬዲት 3 ክሬዲት ነው። ከሎጂክ የመጣ ሲ ከፊዚክስ ከመጣ ሲ እኩል ወደ ታች ይጎትታል። እንዲያውም ሎጂክ ላይ ከ80 በላይ ማምጣት ፊዚክስ ላይ ከማምጣት ለብዙው ልጅ ይቀላል፤ ቀላሉን ነጥብ መሬት ላይ ጥሎ ከባዱን ማሳደድ ለምን እንደሚመረጥ እስካሁን አይገባኝም።

በሁለተኛው ሴሚስተር እክሰዋለሁ

ይህች አባባል በየዶርሙ አለች። እስቲ በቁጥር እንያት።

አንድ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር በ17 ክሬዲት 2.20 አመጣ። የሚፈልገው ዲፓርትመንት ባለፈው ዓመት የመግቢያ ነጥቡን 3.2 አካባቢ ላይ ቆርጧል እንበል። ሁለተኛው ሴሚስተርም 17 ክሬዲት ከሆነ፣ ድምር ውጤቱን 3.20 ለማድረስ በሁለተኛው 4.20 ማምጣት አለበት። 4.20 የሚባል ውጤት የለም። ሁሉንም ኤ ቢያመጣ እንኳ ድምሩ 3.10 ላይ ይቆማል። 3.0 ብቻ ቢፈልግ ራሱ 3.80 ያስፈልገዋል፤ ይህም ማለት ኮርሶቹ በሙሉ ማለት ይቻላል ኤ እና ኤ ማይነስ መሆን አለባቸው። በመጀመሪያው ሴሚስተር 2.20 ላመጣ ልጅ ይህ እንዲሁ በወኔ የሚሞላ አይደለም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ናቹራል ተማሪዎች ገና ከመጀመሪያው ሴሚስተር በኋላ ስትሪም ይመርጣሉ። ፕሪ ኢንጂነሪንግ የሚሄደው በአንድ በኩል፣ ወደ ጤናና ወደ ሌላው ሳይንስ የሚሄደው በሌላ በኩል ይለያያል። ያኔ በእጃቸው ያለው የግቢ ውጤት የአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ፉክክር ካለ መለያው እሱ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የሚመረጠው ዲፓርትመንትም በዚያ በገቡበት ስትሪም ውስጥ ካሉት ነው።

ዲፓርትመንት ሲደለደል ጂፒኤው ብቻውን ላይታይ ይችላል። የ12ኛ ክፍል ውጤትም ድርሻ ይኖረዋል። ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች የሚደረግ ድጋፍም አለ። የድርሻው መጠን ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል፤ በግቢው ማስታወቂያ ሰሌዳና በሬጅስትራር ይገለጻል። የ12ኛ ክፍሉ ውጤት ግን ካለቀ ቆይቷል። ልጁ አሁን ሊለውጠው የሚችለው ጂፒኤውን ብቻ ነው።

ታዲያ ለምን ይወድቁበታል?

ጎበዝ ስላልሆኑ አይደለም። ትልቁ ምክንያት ጊዜ ነው። ሲኒየሮች ብዙ ጊዜ ቀድመው ይገባሉ። ፍሬሽ የሚጠራው የ12ኛ ክፍል ውጤትና ምደባ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ዘግይቶ ነው። ጎጃም ውስጥ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት የጥሪውን ጊዜ ሲያዛባ ቆይቷል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ጥሪ ሳያወጣ መንገድ አይጀመርም፤ ጥሪው ወጥቶም የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ግድ ነው። አንድ ሴሚስተር በደንቡ 16 ሳምንት ያህል ነው። የዘገየ ሴሚስተር ደግሞ ይጨመቃል። ልጁ ዶርም ይዞ፣ አይዲ አውጥቶ፣ የመማሪያ ሕንፃዎቹን ለይቶ ሳይጨርስ ሚድ ይደርሳል።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቀረብ ብለን እንያቸው። ጥሪው ላይ በየዓመቱ የማይቀር አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ይዞ መምጣት። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ውጤት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶ። አሁን አሁን የፋይዳ መታወቂያም ይጠየቃል። ልጁ አንዱን ወረቀት ረስቶ ከመጣ ሰልፉ ላይ ግማሽ ቀን ቆሞ መስኮቱ ጋ ሲደርስ «ዋናውን አምጣ» ይባላል። ዋናው ወረቀት ሞጣ ነው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ። ወንድሙ በመኪና እስኪልክለት ሁለት ሦስት ክላስ ያመልጠዋል። ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሰማው ኩዊዝ ቀድሞ አልፏል። ይህ በየዓመቱ የሚታይ ነገር ነው። ወላጅ ሊረዳው የሚችለው አንድ ነገር ቢኖር ወረቀቶቹን በሙሉ ከነኮፒያቸው በአንድ ፌስታል አድርጎ መስጠት ነው። ከበሶውና ከዳቦ ቆሎው ይልቅ መጀመሪያ እሱ ይታሰር።

ብርዱም ቀላል አይደለም። ከአባይ በረሃ ዳር ወይም ከቆላው ወረዳ የመጣ ልጅ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ላይ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ይንቀጠቀጣል። ባሕር ዳር በዚህ በኩል ይሻላል።

ሌላው ቋንቋው ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በገጠር ትምህርት ቤት መምህሩ በእንግሊዝኛ ጽፎ በአማርኛ ያስረዳ ነበር። እዚህ መምህሩ ፓወር ፖይንቱን አብርቶ ይሄዳል። ከሌላ ክልል የመጡ ተማሪዎች ስላሉ በአማርኛ ማስረዳቱም እንደ ድሮው አይሆንም። የመጀመሪያው ወር ላይ የማይገባው ልጅ ራሱን ደደብ አድርጎ ይቆጥራል፣ ከዚያም ክላስ መቅረት ይጀምራል። መቅረቱ ነው የሚጎዳው። የቀረበት ክላስ የሚሰጠው ማርክም አለ።

ምክንያቱም ኮርሱ በፋይናል ብቻ አይለካም። ብዙ ጊዜ ከ100 ግማሹ የሚመጣው ፋይናል ሳይደርስ ነው፦ ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ፕሬዘንቴሽን፣ ሚድ። 12ኛ ክፍልን በአንድ ፈተና ያለፈ ልጅ ልማዱ ሌላ ነው። «ፋይናል ላይ እገለብጠዋለሁ» ይላል። ከ50ው 20 ይዞ ፋይናል የገባ ልጅ ከፋይናሉ 50ውን በሙሉ ቢያገኝ እንኳ 70 ነው፤ ቢ። ማንም ደግሞ 50ውን በሙሉ አያገኝም። የግሩፕ አሳይመንት ላይ ስሙ እንዲጻፍለት ብቻ የሚፈልግም አለ። ስሙ ይጻፍለታል፣ ፋይናሉ ላይ ግን ያ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል።

ከሁለት ነጥብ በታች

2.0 ወሳኝ መስመር ነው። ለመመረቅም ድምር ውጤት ከ2.0 በታች መሆን የለበትም። በሴሚስተሩ መጨረሻ ከዚያ በታች የሆነ ተማሪ እንደወረደበት መጠን ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል ወይም ይሰናበታል። የስንብቱ ቁጥር በየዩኒቨርሲቲው ሌጅስሌሽን (የውስጥ ደንብ) ተጽፏል። ይህን ሰነድ ማንም ፍሬሽ አያነበውም። ቢያንስ ስለ ፍሬሽ የሚያወራውን ክፍል ሲኒየር ጠይቆ ወይም ሬጅስትራር ሄዶ ማየት ይገባል። የተሰናበተ ተማሪ ተመልሶ የሚገባበት ሁኔታም እዚያው ነው ያለው።

ታሞ ፋይናል ያመለጠው ልጅ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ከጤና ተቋም ማስረጃ ይዞ በጊዜው ካመለከተ ኤፍ ሳይሆን ኢንኮምፕሊት (ያልተሟላ) ይያዝለታል፤ ከዚያ ሜክአፕ፣ ማለትም የማካካሻ ፈተና፣ ይፈተናል። ማስረጃውን ከወር በኋላ ካመጣው ግን የሚሰማው አያገኝም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ዝም ብሎ መጥፋት ነው። አባት ታመመ፣ ቤት ችግር ገባ፣ ወይም ልጁ ሰለቸውና አንድ ማታ ቦርሳውን ይዞ መናኸሪያ ወረደ። ለማንም አልተናገረም። በሬጅስትራር በኩል ይህ ልጅ የተመዘገበባቸውን ኮርሶች ጥሎ የጠፋ ነው። ለመመለስ ሲመጣ በሩ የጠበበ ይሆንበታል። መፍትሔው ዊዝድሮዋል ነው፦ ፎርም ሞልቶ፣ ምክንያቱን አስረድቶ፣ የዶርሙንና የላይብረሪውን ንብረት አስረክቦ፣ በፊርማ መውጣት። እንዲህ የወጣ ልጅ በደንቡ መሠረት ለመመለስ ማመልከት ይችላል። ፎርሙን ለመጨረስ አንድ ሁለት ቀን ሊፈጅ ይችላል። አባቱ ለታመመበት ልጅ ሁለት ቀን ረጅም እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም ዶርም ጓደኛውን ወክሎም ቢሆን፣ ደውሎም ቢሆን፣ ትምህርት ክፍሉን ሳያሳውቅ መሄድ የለበትም።

ውጤት ሲለጠፍ ግሬዱ ከጠበቀው በጣም የራቀበት ተማሪ ቅሬታ የማቅረብ መብት አለው። ወረቀቱን አይቶ ድምሩን ማረጋገጥ ይችላል። የመደመር ስህተት ይኖራል፣ ያልተመዘገበ አሳይመንትም ይኖራል። የቅሬታው ጊዜ ግን ጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ቤቱ ተኝቶ ያሳለፈው ልጅ ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ የኩዊዙንና የሚዱን ማርክ በደብተር ጀርባ ጽፎ መያዝ አለበት፤ በቃል የሚቀርብ ቅሬታ ብዙም አያስኬድም።

ስለ ወጪ መጋራቱም በአጭሩ

በምዝገባው ሰሞን ልጁ የሚፈርመው አንድ ፎርም አለ። ብዙው ሳያነብ ይፈርመዋል። ይህ የወጪ መጋራት ውል ነው። ተማሪው ከትምህርቱ ወጪ 15 ከመቶውን፣ የምግቡንና የመኝታውን ደግሞ በሙሉ ከተመረቀ በኋላ ሠርቶ ለመክፈል የሚገባው ውል ነው። ሲቀጠር ከደመወዙ እየተቆረጠ ይከፈላል። ካፌ የማይመገብ ተማሪ፣ ማለትም ነን ካፌ፣ ለምግቡ የሚሰጠውን ብር በእጁ ይቀበላል፤ ያ ብርም ስጦታ አይደለም፣ እዳው ላይ ይጻፋል። ውሉ በየዓመቱ ይሞላል። ዋናውን ዲግሪ ለመውሰድ ሲኬድ «ወጪ መጋራትህን ጨርሰሃል?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። አይቀርም። የየዓመቱን ቅጂ ማስቀመጥ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

አንድ የሚቀር ጥያቄ አለ፤ ወላጆች አዘውትረው የሚጠይቁት ነው። «ዘንድሮ እንጅባራ ይማርና ከርሞ ወደ ባሕር ዳር ይዛወር» ይላሉ። ዝውውር እንዲህ አይሠራም። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚደረግ ዝውውር እንደ ከባድ ሕመም ያለ በማስረጃ የተደገፈ ምክንያት ይጠይቃል፤ ተቀባዩም ቦታ ሊኖረው ይገባል። ናፍቆትና የአየር ሁኔታ ምክንያት ሆነው አይቆጠሩም። ዲፓርትመንት መቀየር ግን በዚያው ግቢ ውስጥ አንዳንዴ ይቻላል፦ ቦታ ካለ፣ ጊዜው ካላለፈ፣ የሚፈልገው ትምህርት ክፍል የቆረጠበትን ነጥብ የሚያሟላ ከሆነ። ያ ነጥብ ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ከላይ እንዳየነው በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው።